በአባቴ ስም የተጻፈው በሬ

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም። ጂንካ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ትምህርት ሲዘጋ ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ተመልሼ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሞተሩን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ «እዚህ መጻፍ የሚችል ማነው?» ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ! እስክሪብቶውን ስቀበል ፈገግታዬን መደበቅ አቅቶኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ባለሙያው ከብቱን ይከትባል፤ ከዚያ ጆሮውን ይበሳና ቢጫ ጉትቻ ያደርግለታል። ጉትቻው ውስጥ በዓይን የማይታይ ቁጥር አለ። ማንበቢያውን ሲያስጠጉት ጢጥ ይልና ቁጥሩን ያወጣል። እኔ ቁጥሩን፣ የከብቱን መልክና የባለቤቱን ስም ፎርም ላይ እጽፋለሁ። ፎርሙ ጂንካ ሲደርስ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል።

«ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» አለ አባቴ በቋንቋችን። ተረጎምኩለት።

«እዚህ የተገዛ በሬ በመኪና ወደ ማደለቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ ቄራ፣ ከዚያ ሥጋው ባሕር ማዶ» አለ ባለሙያው። «ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ከማን በረት እንደወጣ፣ ምን እንደተከተበ ማወቅ ይፈልጋል። ጉትቻ የሌለውን ነጋዴዎቹ አይጭኑም።»

አባቴ ሳቀ። «ሥጋውን የበላው ሰውዬ በረቴን ፈልጎ ሊመጣ ነው?»

«እኔንም ጻፊኝ እንጂ!» አለ አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ጆሮውን እየጎተተ።

«ክትባቱ ቀንድ ላለው ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። እንዴት ኮርቼ ነበር!

ከዚያ ያ በሬ መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ በሬ። በእኛ ዘንድ ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያኖርም። በሽታ ወይም ድርቅ አንዱን ቦታ ሲመታ ሌላው ጋ ያለው እንዲተርፍ፣ ለወዳጁ ያካፍላል፤ የወዳጁንም ይጠብቃል። አባቴ ከወይጦ ወንዝ በኩል ከፀማይ ብሔረሰብ የሆነ ወዳጅ አለው። አራት ላሞቻችን እሱ ጋ ነበሩ፤ ይሄ በሬ ደግሞ የእሱ ሆኖ እኛ ጋ አደገ። ጆሮው ላይ የሰውየው ቤት ምልክት ተቆርጧል። ያን አይቶ የማን እንደሆነ የማያውቅ እረኛ የለም።

«ይሄ የእኛ አይደለም፤ የአባቴ ወዳጅ በሬ ነው» አልኩት ባለሙያውን። «ማን ብዬ ልጻፍ?»

«የቆመው በማን በረት ነው?»

«በእኛ።»

«በቃ፣ የበረቱን ጌታ ጻፊ። ቶሎ በይ፣ ገና ሦስት መንደር አለብኝ።»

ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አባቴ እዚያው አንዲት ጊደር በቀንዷ ይዞ ቆሟል፤ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩትም። የአባቴን ስም ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላ ባለሙያውን ብከራከርና ልሰርዝ ብል ደግሞ ገጹ ይበላሽብኛል። እስከዚያ ድረስ አንድ ስርዝ አልነበረበትም።

ጥር ላይ፣ ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ቤት እያለሁ፣ ወዳጁ በሬውን ሊወስድ መጣ። ወንድ ልጁን ሊድር ነው፤ በሬውን ሸጦ ለጥሎሽ ጊደሮች ሊገዛበት። አባቴ መርቆ ሸኘው። ቀኑ ሐሙስ፣ የቀይ አፈር ገበያ ነው። እኔም ጽሑፌ በማሽን ሲነበብ ልይ ብዬ ተከተልኩ።

የአንድ ከብት ነጋዴ ሠራተኛ ማንበቢያውን አስጠጋ። ጢጥ። ስልኩን አየ።

«አባባ፣ ስምህ ማነው?»

ሽማግሌው የአባቴ ወዳጅ ስሙን ተናገረ።

«በሬው ግን የሌላ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ቀልድ መስሎት ሳቀና የበሬውን ጆሮ ቀና አድርጎ ምልክቱን አሳየ። «ስሜ ይኸውና!»

«እሱን ተወው። እኔ የማምነው ይሄን ነው» አለና ሚሊሻ ጠራ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት! ተሳስቼ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ደግሞ አንቺ ማነሽ?» አለ ሚሊሻው። «የሌባ ጠበቃ?»

ያን የሚያህል ሰው፣ ገበያ ሁሉ እያየው፣ አጥር ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት። ሮጬ አባቴን አመጣሁ። አባቴ ሲምል ሲገዘት ሽማግሌውን ለቀቁት፤ የበሬውን ገመድ ግን ለአባቴ ሰጡት። ማሽኑ የእሱ ነው ብሏላ።

ሽማግሌው ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «መቼ ነው የአንተ የሆነው?» አለው።

አባቴ ወደ እኔ ነው ያየው።

በሳምንቱ አባቴ በሬውን እየነዳ ወይጦ ድረስ ሄደ። ወዳጁ አልቀበልም አለ። «ሌባ የተባልኩበትን በሬ በረቴ አላስገባም» ብሎ አራቱን ላሞቻችንን ጭምር አውጥቶ አስረከበው። አባቴ አምስቱንም እየነዳ ተመለሰ።

ጂንካ ስመለስ እንስሳት ጤና ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው አልረሳኝም። «አንቺ ጸሐፊዋ!» አለኝ። ስም አስተካክልልኝ አልኩት።

«ሲስተሙ የሚቀበለው ሦስት ነገር ነው፤ ተሸጠ፣ ሞተ፣ ጠፋ።»

«ድሮም የሌላ ሰው ነበር የሚል የለም?»

«እሱ የለም እህቴ። ለምን ተሸጠ አንለውም?»

ቤት ስሄድ ለአባቴ ነገርኩት። «የእኔ ያልሆነውን እንዴት ሸጥኩ ልበል?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ የማውቀውን አደረግኩ፤ ጻፍኩ። በሬው የማን እንደሆነ፣ ስሙን ማን እንዳሳሳተ፣ አባቴ እንዳላወቀ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ አምሮ። ይዤው ወይጦ ወረድኩ። ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ «አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይሄን ማሽኑ ሰምቶታል?»

«አልሰማም፣ አባ።»

«ሚሊሻውስ?»

«እሱም አልሰማም።»

«እንግዲያው ለማን ነው የጻፍሽው ልጄ?»

በቅል ውሃ ሰጠኝ። ጠጥቼ፣ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ መሽቷል፤ አባቴ በረቱን በእሾህ እየዘጋ ነበር። ቀዩ በሬ ከላሞቹ ተለይቶ ጥግ ቆሟል፤ ቢጫ ጉትቻው ጆሮው ላይ አለ። ሰሞኑን ታች አገር የከብት በሽታ ገብቷል እየተባለ ነበር። ያሉን ከብቶች ሁሉ እዚያው አንድ በረት ውስጥ ነበሩ።