የሳሌ ሰበብ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊቴን ልለካ ቆቦ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጄ ልትሆን የምትችል ነርስ ክንዴን ጠቅልላ እየነፋች፣ «ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። «እየሳቁ ከሆነ ልኬቱ ይዛባል» ብላ አየሩን አስተነፈሰችውና እንደገና ጀመረች። ድሮ ትቻለሁ አልኳት። ለምን እንደሳቅኩ ግን ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለነበር ሳልነግራት ወጣሁ።

ነገሩ የወጣትነቴ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታ ነበርኩ። ወደ መቀሌ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። በግንቦት የቆቦ አስፋልት ወላፈን ፊት ይለበልባል፤ ሾፌሮቹ ጎማቸው እስኪደርስ ጥላ ፈልገው ያጨሳሉ፣ ለእኔም አንድ ፍሬ ይወረውሩልኛል። ሲጋራን የለመድኩት እንዲህ ነው፤ አፌን የማሟሽበት ያህል ነበር እንጂ ሱስ አልነበረም።

የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረ ሰሞን ነው። ዕድለኛ ነኝ፤ ከእኔ ቀደም ብለው የታመሙ ጓደኞቼ ያንን ቀን አላዩም። ግን መድኃኒቱን እዚሁ ቆቦ መውሰድን ማን ይደፍራል? የቆቦ ሰው አላማጣ ሄዶ ይወስዳል፣ የአላማጣ ሰው ደግሞ ቆቦ ይመጣል። ሚኒባሶቻችን መሃል መንገድ ዋጃ ላይ ሲተላለፉ በሁለቱም ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት አትጠፋም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ መድኃኒቱን አግኝተን እሱኑ ስንደብቅ ኖርን።

መድኃኒቱ ተስማምቶኝ ሰውነቴ ከተመለሰ በኋላ ሳል ጀመረኝ። በዚያ ዘመን በእኛ ከተማ አንዴ ከስቶ የታየ ሰው ከሳለ ሰዎች ዝም ብለው ይተያያሉ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። እኔም አንድ ዘዴ አመጣሁ። ሳሉ ሊመጣ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ቶሎ ብዬ ሲጋራ እለኩሳለሁ። ሰው ስስል ሲያየኝ ሲጋራው በእጄ ይሁን፤ «ይሄን ልጅ ሲጋራ ጨረሰው» ይበል። በዘዴዬ ተደሰትኩ። እየዋለ ሲያድር ግን ሲጋራ ከእጄ የማይለይ፣ ፊቴን ሳልታጠብ የምለኩስ ሰው ሆንኩ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አደይ ለተብርሃን ይባሉ ነበር። ከማይጨው በኩል መጥተው ቆቦ ላይ እህል በመነገድ የኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ነው። ስስል ከሰሙ ከግቢው ማዶ ሆነው፣ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ወደይ፣ ይሄ ሲጋራ ነው የሚያስልህ፤ ሲጋራ ነው» ይላሉ፤ በትግርኛቸው እኔ ወደይ፣ ልጄ፣ ነኝ፤ እሳቸው አደይ፣ እናቴ። እኔም በልቤ እመርቃቸዋለሁ፤ ሳልጠራው ምስክር መጣልኝ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማታ ሬዲዮው ዜና ሊጀምር ሲል የማሽላ እንጀራ በሽሮ ይዘው ይመጣሉ፣ እስክበላም ቆመው ያዩኛል። ክኒኔን የምውጠው ዜናው ሲጀምር ነበር። ወንደላጤ ስለሆንኩ አዝነውልኝ ነው እያልኩ እበላ ነበር።

ለሰው ሲጋራውን ላሳይ እንጂ፣ የሚያስለኝ በሽታው እንደሆነ እኔ አልተጠራጠርኩም። መድኃኒቱ ከድቶኛል አልኩ። ማሽላው ባሸተበት ወር አንድ የአይሱዙ ጎማ እያንከባለልኩ ትንፋሽ አጠረኝና ጎማውን ተደግፌ ቀረሁ። የመጣብኝ ሐሳብ የእናቴ ነው። እናቴ ጎብዬ ከተማ ትኖር ነበር፤ ከእኔ በቀር ልጅ የላትም። ሞቱን ያን ያህል አልፈራሁትም፤ እሷ እኔን እንዳትቀብር ነበር የምፈራው።

አላማጣ ሄጄ አክታ ሰጠሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ። ውጤቱን የነገረኝ ፀጉሩ ሸሸት ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሐኪም ነው።

«መድኃኒቱ አልከዳህም» አለኝ። «መከላከያህ ከአምናው በብዙ ተሻሽሏል። ቲቢም የለብህም። የሚያስልህ ሲጋራው ነው።»

«ሲጋራው ብቻ?» አልኩት።

«ብቻ አትበል። ቫይረሱን አስተኝተህ ሞትን በሌላ በር ታስገባለህ?»

ሲጋራ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ሳንባና ልብ ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚጎዳ፣ ከዚህ በፊት ያጨስኩትም የራሱን ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ እንደሚችል አስረዳኝ። ሰማሁት፤ ደስታዬ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ለሰው የነዛሁት ውሸት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ለራሴ የነገርኩት እውነት ደግሞ ውሸት። ስመለስ የሲጋራ ፓኮዬን ለጎረቤቴ ተሳፋሪ ልሰጠው አስቤ፣ እሱስ ለምን ይሳል ብዬ ጨምድጄ ጣልኩት። ዋጃ ላይ በእሳት የተጠበሰ የማሽላ እሸት ገዛሁ። እየፈለፈልኩ ስቅም ከብዙ ወራት በኋላ የምግብ ጣዕም አወቅኩ።

አደይ ለተብርሃን ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ይለቅማሉ። ሲጋራ መተዌን ነገርኳቸው። እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ በሩ ተመለከቱ። ከዚያ ተጠግተውኝ፣ ያን ገበያ የለመደ ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ «ሳልህ ሳይተውህ ሲጋራውን ከተውከው፣ ጎረቤቱን ምን ልበለው?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። በዜና ሰዓት የሚያመጡት እራት ክኒኑን በባዶ ሆዴ እንዳልውጠው ነው። ያ ሁሉ ጩኸትም የሰውን ጥርጣሬ ከእኔ ላይ ለማንሳት ነበር።

«ሳሉም ይተወኛል፣ አደይ። ሐኪሙ ራሱ ሲጋራው ነው ብሎኛል» አልኳቸው።

«የእውነት ሲጋራው ነው?» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ሲገልጡት ግን ይስቁ ነበር። «ተመስገን። እኔኮ ወደይ፣ ስዋሽ ነበር የከረምኩት።»

መተው እንደማውራቱ አልቀለለኝም። ሁለቴ ወድቄ ተነሳሁ፤ አደይም ያለ ርኅራኄ ሰደቡኝ። ሳሉ በሚቀጥለው ክረምት ተወኝ። እናቴን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሸምግላ፣ እኔው ቀበርኳት። ሰው በእናቱ ቀብር ላይ እፎይ ይላል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን አልቅሼ ስጨርስ ያልኩት እሱን ነው። አደይ ለተብርሃንም አልፈዋል። መድኃኒቴን አሁን የምወስደው ከዚሁ ከቆቦ ነው፤ ስሜን ጮክ ብለው ይጠሩኛል፣ ጮክ ብዬ አቤት እላለሁ። ሐኪሙ ያለው ጠባሳ አልቀረልኝም፣ አቧራ ሲነሳ ደረቴን ይይዘኛል፤ ይሁን፣ በእሱ አላማርርም።

ነርሷ ያን ቀን ግፊቴ ደህና ነው ብላ ሸኘችኝ። በሩ ላይ አንድ ባጃጅ አቧራውን አንስቶብኝ አለፈና ክፉኛ ሳልኩ። ማን እንደሰማኝ ለማየት አልዞርኩም።