የፊት ጥርሴና የእድሩ ጡሩንባ

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ትራምፔት እነፋ ነበር። ትራምፔት ነው ያልኩት። ከተማው ግን ጡሩንባ ይለው ነበር፤ እኔንም ጡሩንባ ነፊው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወታደር ማርሽ ባንድ ኖታ እያነበብኩ ነፍቼ፣ ደረቴን ነፍቼ በሰልፍ አልፌ፣ በስተርጅና ከእድር ለፋፊ ጋር በአንድ ስም መጠራቴ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ የተሳሳተውን ሁሉ አርም ነበር። በኋላ ግን የሮቢት ሙቀት ከሰው ጋር መከራከርን ስለማይፈቅድ ተውኩት።

ጡረታ ስወጣ እዚያ የወረድኩት ለባለቤቴ ወገብ ነው። ቆላ ይሻላታል ተባለ፤ እውነትም ተሻላት። ለእኔ የቀረልኝ ባንዱ ነበር። ሆቴሉ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለሆነ አውቶቡሶችም የጭነት መኪናዎችም ምሳ የሚቆሙት እዚያ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሥር እንጫወታለን። አድማጭ አይጠፋም። ችግሩ አድማጩ አፉ ሙሉ መሆኑ ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነፍሴ እስክትወጣ ስነፋ፣ ከፊት ለፊቴ አንዱ ሹፌር አጥንት እየጋጠ አሳላፊውን "ወጡ ቀጥኗል" ብሎ ይጣራል። በስድስት ዓመት ውስጥ ለእኔ ብሎ ጉርሻውን ከአፉ የመለሰ ሰው አላየሁም።

ከእኔ በቀር ባንዱ በሙሉ ወጣት ነበር። አለቃው ጊታር የሚመታ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ሱሪው ከመጥበቁ የተነሳ ቁጭ ሲል እኔ እጨነቅለት ነበር። ድራም መቺው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹና ዘፋኙም የእሱው እኩዮች ናቸው። አክብሮታቸው ለጉድ ነው። "ጋሼ ይቀመጡ፣ ጋሼ ውሃ ይጠጡ፣ ጋሼ ይቺን ዘፈን እንኳ እርስዎ ይረፉባት" ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲያሳርፉኝ ከአሥራ ሁለት ዘፈን አራት ቀረኝ። እንደዚያ በትህትና የሚገፋ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን የእኔ ብቻ ነበር። ሠርግ ስንጠራ፣ ሙሽራው ዳሱ በር ላይ ሲደርስ፣ ባንዱ ዝም ይላል፤ እኔ ብቻዬን ተነስቼ ጥሪ እነፋለሁ። ከታች ይነሳና ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ወጥቶ ላይ ያለው ድምፅ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ባንዱም ይገባል። ራሴ የደረስኩት ጥሪ ነው። ከማጀቴ እስከ ካራቆሬ ሰው ባንዱን የሚያውቀው በዚያ ጥሪ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የላይኛው የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ።

ትራምፔት የሚነፋ ሰው ጥርሱ ሲነቃነቅ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። ዝቅ ያለውን ድምፅ ከንፈርህን ዘና አድርገህ ታወጣዋለህ። ላይኛውን ለማውጣት ግን ብረቱን ከንፈርህ ላይ መጫን አለብህ፤ ከከንፈርህ ጀርባ የሚደግፈው ያ ጥርስ ነው። እሱ ከሸሸ ድምፁም አብሮ ይሸሻል። ለማንም አልተናገርኩም። ሥጋ ትቼ ሽሮ ስበላ ባለቤቴ "ጾም ገባ እንዴ?" አለችኝ። "ሆዴን ነው" አልኳት።

በዚያው ሰሞን አለቃችን ከአዲስ አበባ ኦርጋን ይዞ መጣ። በሞተር መብራት የሚሠራ፣ ነጭና ጥቁር ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ አንድም የማይነቃነቅ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ወደ እሱ ተዛወረ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት የዋሽንት፣ ሌላውን ሲጫኑት የእኔን ድምፅ ያወጣል። የእኔን ድምፅ ሲያወጣ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም ደስ እንዳለው ሰው ሳቅሁ፣ ከንፈሬን ሳልገልጥ።

ከዚያ አለቃው ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "ጋሼ፣ የጥር ሠርግ መጥቷል፤ የካራቆሬው የእህል ነጋዴ ልጁን ሲድር እኛ ነን የምንጫወተው። ጥሪውን እንደ ድሮው የሚያወጡት ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ኦርጋኑ…" አለና ተወው። ያልጨረሰው ሙሉ ለሙሉ ገብቶኛል። ጥሪው ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ከባንድ የወጣ ነፊ ደግሞ ጥርስ ያጣ ሽማግሌ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

"እንደ ድሮው አወጣዋለሁ" አልኩት።

ሠርጉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ የረቡዕ ገበያ ቀን ነበር፣ ባለቤቴ ሽንኩርት ልትገዛ እንደወጣች ትራምፔቴን ይዤ ከጓሯችን ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ። ቤት ውስጥ እንድነፋ አትፈቅድም፤ ወገቤን ያሳምመኛል ትላለች። ማርሽ ባንድ ሳለሁ ያስተማሩን ከንፈር የደከመ ጊዜ ዝቅ ያለውን ድምፅ ረጅም አድርጎ ደጋግሞ መንፋት ነው። ፓፓያ ሥር ቆሜ ሦስት ጊዜ ረጅም ነፋሁ፤ አረፍኩ፤ እንደገና ሦስት ጊዜ። ጥሩ ይወጣልኝ ነበር፣ በእውነት። ከሁለት ወር ወዲህ እንደዚያ ጠርቶልኝ አያውቅም።

አሁን እንደማስበው የዕድሜ ልክ ሞኝነቴ የታየው እዚያ ላይ ነው። በእኛ እድር ሰው ሲሞት ለፋፊው ሦስት ጊዜ ረጅም ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። ያ ድምፅ ሲሰማ የሚሠራ ሥራውን፣ የሚዘፍን ዘፈኑን ያቆማል፤ ክርስቲያን እስላም ሳይባል ሁሉም ድምፁ ወደ መጣበት ይወጣል። ይህን እያወቅሁ፣ ስድስት ዓመት ለእድሩ እየከፈልኩ፣ እኔ የምነፋው ትራምፔት ስለሆነ ከዚያ ጡሩንባ ጋር የሚመሳሰል መሆኑ ትዝ እንኳ አላለኝም። ሽማግሌው ለፋፊ ደግሞ በዚያ ሳምንት ታሞ ተኝቶ ነበር፤ እናም ድምፁ ቢለይ ሰው "ሌላ ሰው ተክቶት ነው" ብሎ አለፈው።

ወዲያው ከላይ፣ ከቤቴ አቅጣጫ፣ ጫጫታ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ለቅሶ። እንግዲህ ሰው ሞቷል ብዬ ትራምፔቴን ብብቴ ሥር ከትቼ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ ለመድረስ ወጣሁ። ግቢዬ ጢም ብሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላ በኩል ተጠግቼ አንዲቱን ሴትዮ በቀስታ "ማነው?" አልኳት።

ዞር ሳትል "ጡሩንባ ነፊው ጋሼ" አለችኝ።

ለአፍታ፣ ሰው እንዲህ ሲሞት ለራሱ አይታወቀው ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። ነገሩ ለካ ቀላል ነው፤ ድምፁ ከእኛ በኩል መጣ፣ ሲመጡ በሩ ክፍት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም። አስከሬኑ ጤና ጣቢያ ሆኖ ነው ተባለ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ደግሞ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን፤ ትናንት መንጋጋውን ይዞ ፊቱ ጠቁሮ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ነው የጀመረው" ብለው አረጋገጡ።

ያኔውኑ "አለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ስለ ራሴ ደግ ደጉን መስማት አማረኝ። ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ሳብ አድርጌ አዳመጥኩ። አንዱ "ጨዋ ሰው ነበር" አለ። ሌላው "ጨዋ ነበር፤ ብቻ ድምፅ ያበዛ ነበር" አለ። ከጎኔ ደግሞ አለቃችንና ድራም መቺው ቆመዋል። አለቃው ዓይኑ ቀልቷል፤ አልቅሷል ልጁ፣ አልዋሽበትም። እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ግን "ለእሁድ ምንም አንሆንም፤ ጥሪውን ኦርጋኑ ከሁለት ወር በፊት አጥንቶታል" ሲል ሰማሁት።

ከሁለት ወር በፊት። ኅዳር ላይ መሆኑ ነው፤ እኔ ጥርሴን ከሰው ስደብቅ እነሱ አውቀው አልቅሰው ጨርሰዋል።

በዚህ መሃል ባለቤቴ ከገበያ ደረሰች። ሰዉን አየች፤ ዘምቢሉ ከእጇ ወድቆ ሽንኩርቱ ተበተነ። ከዚያ ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ደረቷን እየመታች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ነው እያለች ከሆቴሉ አጥር ጀርባ ቆማ ስታዳምጠኝ እንደኖረች፣ ያቺ ላይኛዋ ድምፅ ስትወጣ እሷም አብራ እንደምትወጣ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ የሚባል ቀን እንደሌላት ተናገረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር "ዝጋው እሱን" ነው ያለችኝ፤ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ወጥቼ "አለሁ" አልኳት፣ ከነትራምፔቴ።

የሆነውን አላበዛውም። ከሴቶቹ ሁለቱ ተዝለፈለፉ። ሐጂው "ሱብሃነላህ፣ ወላሂ ከነነፍሱ ነው" አሉ። የእድሩ ዳኛ ገበያ አስፈትቼ ሕዝብ በማስለቀሴ በሰው ፊት ገሠጹኝ። ባለቤቴም እንባዋ ሳይደርቅ ሽንኩርቷን እየለቀመች ሰደበችኝ። ማታውን ስለ ሆቴሉ አጥር ብጠይቃት "ሰው ለሞተ ሰው ያልሆነውን ሁሉ ይላል" ብላ ዘጋችኝ።

እሁድ ካራቆሬ ሄድን። የኦርጋኑን ሞተር ጭነት መኪናው ላይ ከጎኔ አስቀምጠውት፣ መንገዱን ሙሉ እንዲበላሽ ጸለይኩ፤ እሁድን የመሰለ ቀን እንዲህ ያለ ጸሎት የሚሰማ የለም። ሙሽራው በር ላይ ደረሰ። ባንዱ ዝም አለ። ተነሳሁ። ከታች ጀመርኩ፣ ወጣሁ፣ ወጣሁ፤ ላይኛው ጋ ስደርስ ብረቱን ጫን ሳደርግ ጥርሴ ወደ ውስጥ ጋደም አለ። ደም ቀመስኩ። ትንፋሼ መውጫ አጥቶ የወጣው ያው ዝቅ ያለው፣ ረጅሙ ድምፅ ሆነ። ማቆም አቅቶኝ ደገምኩት።

ዳሱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሙሽሪት እናት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "ማን ሞተብኝ?" አሉ። ይሄኔ ድራሙ ዘለለና ከላዩ ላይ ኦርጋኑ ጥሪዬን ነፋው። ከታች ተነስቶ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ላይኛዋን ድምፅ ጥርት አድርጎ አወጣት፤ እኔ በጎልማሳነቴ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አላወጣኋትም። እልልታው ቀለጠ። ትራምፔቴን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እስኪያልቅ ድረስ አጨበጨብኩ። ለማጨብጨብ ጥርስ አያስፈልግም።

ስንመለስ አጣዬ ላይ ለሻይ ቆምን። አለቃው ሻዬን ራሱ አቀረበልኝና "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አባታችን ነዎት" አለኝ። አባት ከተባልኩ በቃ ማለት ነው። አመሰገንኩት። ቤት ስደርስ ጥርሴን በክር አስሬ ነቀልኩት፤ ትራምፔቱንም በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእድሩ ዳኛና ሐጂው ቤቴ መጡ። ያ የታመመው ለፋፊ አርፏል። ለሌላው ሁሉ የነፋ ሰው ለእሱ የሚነፋለት ጠፋ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው "በዚያ ሰሞን የነፋኸውን ሰምተናል። እንደዚያ ያለ የሞት ጡሩንባ በይፋት ምድር ተነፍቶ አያውቅም፤ ገበያውን በሙሉ ነው ያወጣው" አሉኝ። ሙገሳ መሆኑ ነው። ደሜ ፈላ። በሰልፍ ፊት የነፋሁ ሰው ነኝ፣ ለፋፊ አይደለሁም፣ ጥርስም የለኝም ብዬ ተቆጣሁ። ሁለቱ ሽማግሎች መሬት መሬት አዩ። ባለቤቴ ግን ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አወጣችው፤ ጨርቁን ፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና ሰጠችኝ።

አውራ ጎዳናው ዳር ቆምኩ። ከሆቴሉ ኦርጋኑ ሲዘፍን ይሰማል፤ አውቶቡሶቹ ምሳ ላይ ናቸው። ዝቅ አድርጌ አንዱን ረጅም ነፋሁ። ባለሱቆቹ ብድግ አሉ። ሁለተኛውን ነፋሁ። አንድ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ፤ ዳሱ ሥር ያሉት ተመጋቢዎች እጃቸውን ከትሪው አነሱ። ሦስተኛው ላይ ኦርጋኑ ከዘፈኑ መሃል ቆመ። ሮቢት በሙሉ አፏን ዘግታ እኔን አዳመጠች።

የሟቹን ስም ጠራሁ፤ ቀብሩ ነገ ጠዋት መሆኑን ተናገርኩ። በዚያ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ትራምፔቱን መልሼ አንስቼ አንድ ጊዜ ጨመርኩ፤ ከሁሉም ያስረዘምኩት እሱን ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶው ልትወጣ ስትል በር ላይ አገኘኋት።

"ሦስት ነው የሚነፋው" አለችኝ፤ "አራተኛው ለማን ነው?"

"ተሳስቼ ነው" አልኳት።

ከጋቢዬ ላይ አቧራውን አራገፈችልኝ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበርና አብረን ወደ ለቅሶው ሄድን።