የማን ግራ

ናዝሬት ጎረቤቴ ናት። ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር በአንድ ሕንፃ ላይ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ከባሏ ከሚሳኤል ጋር አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። ሥራዋን የጠየቃትን ሁሉ «አውሮፕላን ጥገና» ትለዋለች፤ ሰውም ወዲያው ባሕር የሚሻገሩትን ትልልቆቹን ያስባል። የእሷዎቹ ግን ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጩና ተማሪ የሚለማመድባቸው ትንንሾቹ ናቸው። አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። በሩ ሲዘጋ እንደ ርካሽ ቁም ሣጥን ይጮኻል።

ከአውሮፕላኑም ውስጥ የእሷ ድርሻ መሪው ነው። አብራሪው መሪውን ሲያዞር፣ በክንፉ ጫፍና በጭራው ላይ ከፍ ዝቅ የሚሉትን ቁራጮች የሚጎትታቸው ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ውፍረቱ እርሳስ አያክልም። ገመዱ ፑሊ በሚባሉ ትንንሽ መዘውሮች ላይ እየታጠፈ ከወንበሩ ሥር ተነሥቶ ክንፉ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ናዝሬት በጨርቅ ይዛ ከዳር እስከ ዳር ታብሰዋለች። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ከገመዱ ክሮች አንዷ ተበጥሳለች ማለት ነውና ገመዱ ይጣላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ይህን በነገረችኝ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሙያቸው አንድ ሕግ አለ። የመሪውን ገመድ አንድ ሰው ከነካው፣ ያልነካው ሌላ ሰው ደግሞ ያየዋል። «ጨረስክ?» ብሎ መጠየቅ ማየት አይደለም። በዓይን ማየት፣ በእጅ መዳሰስ፣ መሪውን ማዞርና የክንፉ ቁራጭ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ያስፈልጋል። ናዝሬት እንግዲህ ያቺ ሁለተኛ ሰው ናት። ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ባለማመኗ ነው።

ጣጣው ይህን ልማድ ቤቷም ይዛው መምጣቷ ነው። ሚሳኤል «ጋዙን ዘግቼዋለሁ» ሲላት ትሰማዋለች፣ ታመሰግነዋለች፣ ከዚያ ሄዳ ታየዋለች። እንደተጋቡ ሰሞን ይከፋው ነበር። አሁን «ዘግቼዋለሁ» ይልና ከመንገዷ ፈቀቅ ይላል። የሕንፃው ኮሚቴ የውኃ ታንከሩ ታጥቧል ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ጣሪያ ላይ ወጥታ ያየች እሷ ብቻ ናት። አልታጠበም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው አይወዳትም፤ እኔ የምጠጣው ውኃ ስለሆነ አስተያየት አልሰጠሁም።

ሙያውን ያስተማራት ቸኮል ነው። ቸኮልና እኔ ነፋስ ስልክ አብረን ያደግን ነን። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም፤ ለገዛ ሠርጉ አርፍዶ የደረሰ ሰው ነው። ናዝሬት ከሆሳዕና መጥታ ኮሌጅ ጨርሳ አውሮፕላኖቹ የሚጠገኑበት ሃንጋር ስትገባ፣ ገመድ ላይ እጇን ይዞ ያሳያት እሱ ነው። አባቷ በሕይወት ስላልነበሩ ስትዳር አባት ሆኖ የቆመላትም እሱ ነው። እሷም ጋሼ እያለች ጉልበቱ ሥር ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። ኩባንያው እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ልጅ የቸኮልን ሥራ የምታይ ሁለተኛ ሰው አድርጎ መደባት።

አሁን የማውቀውን ሽማግሌ ሆኜ ስቀመጥ አላውቅም ነበር፤ አንባቢ ግን እንደኔ ግራ እንዳይገባው አስቀድሜ ልናገር። አንድ ቀን ቸኮል የአንዱን አውሮፕላን የክንፍ ገመዶች ቀየረ። ሥራው በጀርባ ተኝቶ፣ አንገትን ከወንበር ሥር አስገብቶ ነው፤ እንዲያ የተኛ ሰው ግራና ቀኙ ይገላበጥበታል። የግራውን ገመድ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አገባው። ከዚያ ተነሥቶ መሪውን አዞረው። ለስላሳ ነበር። በክንፉ ጫፍ ያለችው ቁራጭም ተንቀሳቀሰች። መንቀሳቀሷን አየ፣ ወዴት እንደሆነ ልብ አላለም።

ናዝሬት መጣች። ቸኮልን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ እሷ ፊት ለፊት ቆመችና «ጋሼ፣ ወደ ግራ ያዙሩልኝ» አለች። መሪው ወደ ግራ ሲዞር የግራው ክንፍ ቁራጭ መነሣት አለባት። ወረደች። ናዝሬት «ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራው የሌላው ቀኝ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብላ ዞራ ከክንፉ ኋላ ቆመች። «እንደገና ያዙሩልኝ» አለች። አሁንም ወረደች። ሦስተኛ ጊዜ አስዞረችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ አጠገባቸው የነበረው አብራሪ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ የማን ግራ?» አለችው። ቸኮል አንገቱን አውጥቶ ክንፉን አየ።  ወርዶ እንደገና በጀርባው ተኛ፣ ገመዱን አስተካከለ፣ እሷም እንደገና አየችው። ደህና ነበር። ለማንም ሳይነገር ቀረ።

ነገሩ እዚህ ማለቅ ነበረበት። ቸኮል ግን አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ በማግስቱ አለቃቸው ዘንድ ገብቶ «ይህቺ ልጅ በሰው ፊት አዋረደችኝ፣ ከእሷ ጋር አንድ ሃንጋር ውስጥ አልሠራም» አለ። አለቃው ቸኮልን ማጣት አይፈልግም። «እስከ ሰኞ ታረቁ» አላቸው፤ «ካልሆነ ናዝሬት ዕቃ ግምጃ ቤት ትገባለች።» ግምጃ ቤት ማለት ብሎን በመጠን በመጠን እየለዩ መደርደር ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ገመድ እዚያ አይደርስም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎፋ፣ ቸኮል ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። በቸኮል በኩል እኔ፣ በናዝሬት በኩል የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ሕዝቅኤል፣ ለማንም ሳይወግን በመሐል ደግሞ፣ ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ዋቅቶላ። ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ በአጥር የተጣሉ አስታርቄያለሁ፣ በአውሮፕላን ክንፍ ለተጣሉ ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የቸኮል ባለቤት ተሾመች ዳቦና ለስላሳ አቀረበች። ወንጌላዊው ጸለየ። ጸሎቱ ረዥም ስለነበር ለስላሳው ሞቀ።

ቸኮል ክሱን አቀረበ። «እኔ ነኝ እጇን ይዤ ያስተማርኳት። ሥራዬን ጨርሼ፣ አብራሪው ቆሞ እያየ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ግራ ያዙሩ፣ ወደ ግራ ያዙሩ፣ ወደ ግራ ያዙሩ። ሦስት ጊዜ። መንጃ ፈቃድ እንደሚያወጣ ልጅ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። በነዳሁበት ዘመን ሁሉ ወደ ግራ ስጠመዝዝ አውቶቡሱ ወደ ግራ መሄዱን ከኋላ ቆሞ የሚያጣራ ሰው አልነበረም። ቢኖር አውርጄው ነበር።

«አንድ ጊዜ ሕግ ነው እንበል» አልኳት። «ሁለተኛውም ጥንቃቄ ይሁን። ሦስተኛው ምንድን ነው?»

«አጥፍቻለሁ ጋሽ አስረስ» አለች።

«ማጥፋትሽንማ ሰማን። ለምን ሦስት ጊዜ?»

ዳቦውን አየች። ቸኮልም ዳቦውን አየ። ሁለቱም ያንን ዳቦ ለምን እንዲህ እንደሚመረምሩት ያኔ አልገባኝም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትናገር ነገሩ በእሷ ድል ያልቅ ነበር፣ እሱም ይህን ያውቃል። እሷ አልተናገረችም።

ተመካከርንና ፈረድን። ናዝሬት የቸኮልን ጉልበት ትስማለች፤ ከእንግዲህም ቸኮል «ጨረስኩ» ካላት ቃሉን ተቀብላ ላታይ ቃል ትገባለች። ጥሩ ፍርድ መስሎን ነበር። ወንጌላዊው እንኳ ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ተነሥታ ጉልበቱን ሳመች። ከልቧ ነው የሳመችው፤ ቸኮል እግሩን ሊሰበስብ ሲሞክር ይዛ አስቀረችው። ተመልሳ ተቀመጠችና «ቃሉን ግን መግባት አልችልም» አለች።

«ለምን?» አልኩ።

«ሥራው አይፈቅድም።»

«አባት ሆኖ የዳረሽን ሰው! ይሉኝታ የሚባል ነገር የለሽም?»

«ገመድ ላይ የለኝም፣ ጋሽ አስረስ። ሌላ ቦታ ብዙ አለኝ።»

 ወንጌላዊውን አየሁት፤ እሱም ጣራውን ያያል። ቸኮል ፊቱ ጠቁሯል። ተሾመች «እባክሽ ልጄ፣ ሥራሽን ልታጪ ነው» አለቻት። ናዝሬት «አውቃለሁ እትዬ» አለች። መቀመጥም መነሣትም ያቃታት ትመስል ነበር። እንደ ተናደድኩ ነኝ፣ ግን በዚያች ሰዓት አንጀቴን በላችው።

እስካሁን ዝም ያለው ዋቅቶላ ነው። ዋቅቶላ ሱቁ ውስጥም ቢሆን ደንበኛ ሦስቴ ካልጠየቀው አይመልስም። ለስላሳውን አስቀመጠና «በቃ፣ አልታረቁም» አለ። «እንግዲህ ሰኞ ግምጃ ቤት ትገባለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከሰኞ በኋላ ያንተን ሥራ የሚያይልህ ማን ነው?»

«ሌላ ሰው ይመደባል» አለ ቸኮል።

«እሱስ ሦስት ጊዜ ቢያስዞርህ? ሌላ ሽማግሌ ልንሰበሰብ ነው?»

«አያስዞረኝም» አለ ቸኮል። «እሱ ይሉኝታ ያውቃል።»

 አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የተናገረውን ራሱ የሰማው ከእኛ ዘግይቶ ነው። እንዳልኩት በምንም ነገር አይቸኩልም።

ከዚያ ወደ ማንም ሳያይ «ተገላብጦ ነበር» አለ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ገመዱ። የግራውን ቀኝ አግብቼው ነበር። አውሮፕላኑ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰው ይዞ ሊነሣ ነበር። ከመሬት ከለቀቀ በኋላ አብራሪው ልጅ ወደ ግራ ሲያዞር ወደ ቀኝ ይወድቅበታል፤ እንዳይወድቅ ጨምሮ ሲያዞር ጨምሮ ይወድቃል። እስኪገባው ድረስ ጊዜ የለውም።» እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ አሳየን። መዳፉ ተገልብጦ ጉልበቱ ላይ አረፈ። «እሷ አየችልኝ። እኔ ሽማግሌ ሰበሰብኩባት።»

ተሾመች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በአማርኛ ግራ ገባኝ እንጂ ቀኝ ገባኝ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ያኔ በሁለቱም በኩል ገብቶኝ ቁጭ አልኩ። ወደ ናዝሬት ዞሬ «ይህን ሁሉ ስንሰድብሽ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ስንሰድብሽ አልኩ እንጂ የሰደብኳት እኔ ብቻ ነኝ።

«ብናገር ጋሼን ያሰናብቷቸዋል» አለች።

«አንቺንስ ግምጃ ቤት ሊያስገቡሽ አይደል?»

«እኔ ግምጃ ቤት ብገባ ጋሼ አሉ። ይሄን ሰሞን ያሳለፉትን አይረሱትም፤ ከእንግዲህ ደህና አድርገው ነው የሚያዩት።» ወደ ቸኮል ዞረች። አሁን እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «ሦስት ጊዜ ያስዞርኩዎት እርስዎን ስላላመንኩ አይደለም ጋሼ። የራሴን ዓይን ስላላመንኩ ነው። እርስዎ ይሳሳታሉ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። እርስዎ ከተሳሳቱ እኔማ አንድ ቀን መገላበጤ አይቀርም። ያን ጊዜ እርስዎ ከሌሉ የኔን ማን ያያል?»

ቸኮል ተነሣ፤ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ፣ እዚያው ቆየ። ወንጌላዊ ሕዝቅኤል ለመዝጊያ ጸሎት ብድግ አለና ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። «አሜን» ብሎ ተቀመጠ። በዕለቱ ከተደረጉት ጸሎቶች የወደድኩት እሱን ነው።

ሰኞ ጠዋት ቸኮል ራሱ አለቃው ዘንድ ገብቶ ተናገረ። አለቃው ብዙ ጮኸ አሉ። በመጨረሻ ቸኮል ከእንግዲህ ገመድ እንዳያስር፣ ሌላው ያሰረውን ብቻ እንዲያይ ተወሰነበት። ማሰሩ ለናዝሬት ተሰጠ። ቸኮል ዕድገት ይሁን ቅጣት አልገባኝም ብሎ ደወለልኝ። እኔም አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ቁጭ ብላለች፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ዛሬ የጭራውን ገመድ ቀየርኩ» አለች። «ጋሼ ግማሽ ቀን ሙሉ አዩት። ወንበሩን አስነቀሉኝ፣ የወለሉን ክዳን አስከፈቱኝ፣ ባትሪ ይዘው ገቡ።»

«ምን አገኘ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ከፋኝ» አለች። «እኔን እኮ ነው፣ ጋሽ አስረስ። የኔን ሥራ።»

ሽማግሌ ልሰብስብልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የምሬን ነበር። ትንሽ አሰበችበት፣ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣችና «አይ» አለች፤ «ይዩት።»