በጥምቀት ዕለት ሞስኮ ላይ የጠፉብኝ ሽማግሌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ባስታወስሁት ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ የያኔው ድንጋጤ ይመለስብኛል። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ጽፌው ግን አላውቅም።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። በዚያ ዓመት ስለ ከብት ክትባት አያያዝ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ተገኘና ሁለት ሰዎች ወደ ሞስኮ ተላክን። አንዱ እኔ፣ ሌላው ጋሼ ታደገ።

ጋሼ ታደገ የስማዳ ሰው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ነው የቀራቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በስማዳ ቆላ ከብት ሲከትቡ ነው። በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው አገልግለዋል፤ አሁንም ቢሆን ጫት ቀርቶ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብ አይቀመጡም። ደም ግፊት አለባቸው።

በሽኝቱ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ድረስ መጥተው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«መድኃኒቱን እሱ አይውጥም። አንተ ቆመህ እያየህ አስውጥልኝ። አደራህን፣ ከዓይንህ እንዳታጠፋው» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት! እንደ አባቴ አይደለም እንዴ የማያቸው?» አልሁ። አፌ መቼ ያንሰኛል።

ሞስኮ ስንደርስ መሬቱ ሁሉ ነጭ ነው። ብርዱ የጉና ተራራን ውርጭ የሚያስመሰግን ነበር። ጋሼ ታደገ ግን አልከፋቸውም፤ መድኃኒታቸውንም እየተነጫነጩም ቢሆን ይውጡልኝ ነበር። የከፋቸው ጥምቀት ሲደርስ ነው። ከተወለዱ ጀምሮ ታቦት ሳያጅቡ የዋሉበት ጥምቀት የለም። ያን ዕለት ጧት ዳቦውን ሳይነኩ ተቀምጠው፣

«ይኸኔ ሰው ሁሉ ባሕረ ጥምቀት ወርዷል። እኔ እንደ አረመኔ እዚህ ተጎልቻለሁ» አሉ።

አሠልጣኛችን ቪክቶር የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። እንግሊዝኛው እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ነበር የምንግባባው። ለምን እንደተከዙ ስነግረው ጭኑን መታና ሳቀ። ለካ በእነሱም አቆጣጠር ያ ዕለት ጥምቀት ኖሯል! «እንግዲያውስ ዛሬ እኔ አጥባችኋለሁ» ብሎ ወደ ባኒያ ወሰደን።

ባኒያ የሩስያውያን የእንፋሎት መታጠቢያ ነው። ጥንት ከእንጨት የተሠራ፣ ዝቅ ያለ ቤት ነው። መጀመሪያ ልብስ ማውለቂያው አለ፤ ቀጥሎ የቀዝቃዛ ውኃ ገንዳው፤ ከገንዳው ማዶ ዋናው ክፍል። እዚያ ምድጃ ላይ ድንጋይ ሲግል ይውላል። በድንጋዩ ላይ ውኃ ሲደፋበት እንፋሎቱ ቤቱን ይሞላዋል። መቀመጫው እንደ ደረጃ ነው፤ ከፍ ባልህ ቁጥር ሙቀቱ ይብስብሃል።

ጋሼ ታደገ ልብስ ማውለቂያው በር ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ራቁቱን ነው?»

«ወጉ ነው ጋሼ።»

«አንተም ልታወልቅ ነው?»

«ቪክቶር ቆሞ እየጠበቀኝ ምን ላድርግ?»

«እኔስ መቃብርም የምገባው ተከፍኜ ነው» አሉ። የተሰጣቸውን ነጭ አንሶላ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው አጣፉት። ራስ እንዳይቃጠል ተብሎ ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብ ይሰጣል፤ እሱንም ደፉት። ያ ነጭ ጢማቸው ተጨምሮበት ከገዳም የወጡ ባሕታዊ መሰሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

በሳቄ ብቻ ባበቃሁ ደግ ነበር። እንፋሎቱ ክፍል ስንገባ ግን ምላሴ አላርፍ አለ። «ጋሼ፣ ከከበደዎት ውጭ ይጠብቁን። ይኼ የሽማግሌ ነገር አይደለም አሉ» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለእኔ ነው? ለቆላ ሰው ሙቀት? አንተ የደጋ ልጅ ለራስህ እወቅ!» አሉና ሰው ሁሉ ታች ሲቀመጥ እሳቸው ከላይኛው አግዳሚ ላይ ወጥተው ጉብ አሉ።

ቪክቶር ውኃውን በጭልፋ ድንጋዩ ላይ ደፋው። ቤቱ ታፈነ። ጆሮዬ ጫፉ የተለበለበ መሰለኝ። ከዚያ ቪክቶር በደረቴ እንድተኛ አደረገኝና በሙቅ ውኃ የተነከረ የቅጠል እስር አንሥቶ ጀርባዬን ይጠበጥበኝ ጀመር። መጀመሪያ ለመሮጥ ቃጥቶኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን አጥንቴ ሁሉ የለሰለሰ ይመስል ሰውነቴ ፍታት አለ። ዓይኔን ጨፈንሁ። የት እንዳለሁም፣ ከማን ጋር እንደመጣሁም ረሳሁ።

ቀና ስል ላይኛው አግዳሚ ላይ ሰው የለም።

«ጋሼ?» አልሁ። እንፋሎቱ ውስጥ በዳበሳ ፈለግኋቸው። የሰው እግር ረግጬ ተቆጡኝ። ሮጬ ልብስ ማውለቂያው ጋ ሄድሁ። ካፖርታቸው ተሰቅሏል፣ ጫማቸው ከሥሩ ተቀምጧል። መታጠቢያው ውስጥ የሉም።

የቀረው ገንዳው ነበር። ውኃው ጥቁር ነው፣ ወለሉ አይታይም። ያ የደም ግፊታቸው ትዝ አለኝ። ከዚያ እሳት ወጥተው እዚህ በረዶ ውስጥ ገብተው ከሆነስ? ዘልዬ ገባሁ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ከታች በእግሬም በእጄም ዳሰስሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አስከሬን ነበር የምፈልገው። እትዬ ዝናሽ እጄን የያዙበት አያያዝ እዚያ ውኃ ውስጥ ሆኖ ተሰማኝ።

ምንም የለም። እየተንቀጠቀጥሁ ስወጣ የፊት ለፊቱ በር በኃይል ሲደበደብ ሰማሁ። የሴት ጩኸትም አብሮ አለ። አንሶላ አገልድሜ ከቪክቶር ኋላ ሮጥሁ።

በሩ ሲከፈት አንዲት አጭር ሩስያዊት አሮጊት ቆመዋል። ከጎናቸው ጋሼ ታደገ! ቆቡ እንዳለ ነው፣ አንሶላውም አልተፈታም። በላዩ ላይ የአሮጊቷ ጥቁር የሱፍ ሻርፕ ተደርቧል። እግራቸው ላይ ደግሞ ቀይ የእጅ ሹራብ አጥልቀዋል፤ አራቱ ጣት አንድ ላይ ገብቶ አውራ ጣቱ ብቻ ለብቻው የሆነውን። አውራ ጣቱ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል።

አሮጊቷ መጀመሪያ በባኒያው በረኛ፣ ቀጥሎ በቪክቶር፣ ከዚያ በእኔ ላይ አወረዱት። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ታደገ ሙቀቱ አሸንፏቸዋል። አሸነፈኝ እንዳይሉ እኔ አፌን ከፍቼባቸው ነበር፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ወረዱና ትንሽ አየር ልውሰድ ብለው ያገኙትን በር ገፉ። በሩ ማገዶ የሚገባበት ኖሯል፤ የሚያወጣው ወደ መንገዱ ነው። ከኋላቸው ተዘጋ። ከውጭ በኩል እጀታ የለውም።

እንግዲህ አስቡት። ጥምቀት ነው። በረዶው ላይ በባዶ እግራቸው፣ ነጭ ያጣፉ፣ ጢማቸው የረዘመ ጥቁር ሽማግሌ ቆመዋል። ከጋለው ሰውነታቸው ላይ እንፋሎት ወደ ሰማይ ይወጣል። እኒያ አሮጊት ደግሞ ጠበላቸውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ጠርሙሱን በረዶው ላይ አስቀመጡና አማተቡ። ጋሼ ታደገም ሰው ሲያማትብ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉምና፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው አማተቡላቸው።

ቪክቶር አሮጊቷ ያሉትን ሲተረጉምልን በሳቅ ትንፋሽ እያጠረው ነበር። «መጀመሪያ ከቅዱሳን አንዱ መስሎኝ ነበር ይላሉ። ኋላ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ቅዱስ ደግሞ አይበርደውም፣ የሰው ልጅ ነው ብዬ ሻርፔን አለበስሁት።»

ጋሼ ታደገን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ሻይ በማር ሰጠናቸው፤ እግራቸውን እኔ አሸሁላቸው። አሮጊቷም አብረውን ተቀመጡ። የጋሼ ታደገ ፊት ሲመለስ አሮጊቷ ጠርሙሱን ከፈቱና በጽዋ ጠበል ቀዱላቸው። ጋሼ ታደገ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። የቀረውን በግንባራቸው ላይ አፈሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቪክቶርም ሳቁን አቆመ።

አሮጊቷ ሻርፓቸውንና የእጅ ሹራባቸውን መልሰው ለበሱ፤ መንገዱ ብርድ ነዋ። ለእኔ ጣታቸውን ቀሥረው አንድ ነገር ብለውኝ ሄዱ። ምን እንዳሉ ቪክቶርን አልጠየቅሁትም።

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ምኑን? ባታናድደኝ ወደ ውጭ መች እወጣ ነበር? ባልወጣስ ጥምቀቴን ማን ይሰጠኝ ነበር?» አሉ። እግራቸው ሁለት ቀን ደነዘዘ፤ ከዚያ ዳነ።

አገር ቤት ስንገባ ለእትዬ ዝናሽ እንዳይነግሩብኝ ለመንኋቸው። እሺም አሉኝ። ወገዳ ደርሰን ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃቸው በተሰበሰበበት፣ ገና ጠላው ሳይቀዳ አወሩት! እሳቸው ሲያወሩት በሩን ሆን ብለው ነው የከፈቱት፤ አሮጊቷም ብቻቸውን አልነበሩም፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ ዝናሽ ከማጀት ብቅ አሉና እኔን ብቻ አዩኝ።

«አንተ የት ነበርህ?»

«በቅጠል ስጠበጠብ» አልሁ። ሰው ይብሱን ሳቀ። እትዬ ዝናሽ ግን አልሳቁም። ምግብ ሊቀርብ ሲል ውኃ ይዘው መጥተው እጄን አስታጠቡኝ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ሳወራ ባሕታዊ መስለው መቆማቸውንና በእግራቸው የተንጠለጠለውን ቀይ አውራ ጣት አስረዝሜ እናገራለሁ፤ ሰው ያስቃል፣ እኔንም ያስቀኛል። ገንዳው ውስጥ ስዳብስ የነበረውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጋሼ ታደገ ይቅር ብለውኛል፣ እትዬ ዝናሽም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን አሁን ሽማግሌ ይዤ ስጓዝ፣ መኪና ላይም ቢሆን፣ ዓይኔን ለመጨፈን አልደፍርም።