ሙቅ ውሃ ከመድፋት በፊት

መሊካ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ድስቱን በአሮጌ ሻሽ ይዛ በጓሮ በር ትወጣለች። ከጓሮው ግንብ አጠገብ ከተነጠፈችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ፊት ትቆማለች። ድስቱን ደረጃው ላይ ታሳርፍና በማንኪያው እጀታ የድስቱን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንድ ትንፋሽ ያህል ትጠብቃለች። ከዚያ የፈላውን ውሃ ትደፋለች።

እሷ ባደገችበት ሰፈር ሙቅ ውሃ ዝም ብላ መሬት ላይ የምትደፋ እናት አልነበረችም። ሙስሊሟ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ ክርስቲያኗ «በስመ አብ» ትላለች። መሬቱ ላይ ዓይን የማያያቸው ጎረቤቶች አሉና ሳይቃጠሉ ዞር ይበሉ ነው ነገሩ። የመሊካ እናትም ዕድሜዋን ሙሉ ቢስሚላህ ስትል ኖራለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ግማሽ ጎኗ ሲያዝ ምላሷም አብሮ ተያዘ። ደህናው እጇ ማንኪያ መያዝ አልተወም ነበርና፣ በቃሉ ምትክ ድስቱን ታንኳኳ ጀመር። አላህ ይዘንላትና፣ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መሊካ ድስቱን ስትረከብ ማንኳኳቱንም አብራ ተረከበች። ቢስሚላሁን በልቧ ትለዋለች። ድምፅ አውጥታ ብትለው፣ መናገር አቅቷት የሞተችውን እናቷን የነቀፈች ይመስላታል።

መሊካ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች አጥር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ከጨፋ የመጣ ገበሬ አቤቱታውን ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲነግራት፣ ጣቷ ከፊደሉ ላይ ሳይነሳ «እሺ አባቴ፣ ከዚያስ?» እያለች ትተይብለታለች። ሲበዛ ዝምተኛ ናት። የምትለፈልፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ «ሰነፍ ድስት» በሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ።

ግሩፑ አራት ሴቶች አሉት። አንዷ መሊካ። ሁለተኛዋ ዙቤይዳ፣ የልጅነት ጓደኛዋ፣ ገበያ ውስጥ የሴት ልብስ የምትሸጥ። ሦስተኛዋ ለተማርያም፣ ከደብረ ብርሃን በዝውውር የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ፣ ላጤ፣ ቀልደኛ። አራተኛዋ ከውሰር፣ ጨፋ ሮቢት ሒሳብ የምታስተምር ወጣት፣ የሦስቱም ታናሽ። ሥራቸው ሳይለፉ የሚበሉትን ምግብ መለዋወጥ ነው። አለቃዋ መሊካ ናት፤ ስታበስል በድምፅ እየቀረጸች ትልክላቸዋለች።

«ሴቶች፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ንፍሮ ነው። ስንዴና ባቄላውን ማታ ትዘፈዝፋላችሁ። ጠዋት ፔርሙስ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፣ የፈላ ውሃ ትሞሉበታላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ ሥራ ትሄዳላችሁ። ምሳ ሰዓት ስትመለሱ በስሏል። ማን አበሰለው? ፔርሙሱ! እናንተ ምን አደረጋችሁ? ምንም! ውሃውን አጥልሉት፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣ። በቃ። ሽንኩርት የለበትም። እኔን ለማስለቀስ ሽንኩርት አያስፈልግም።»

ለተማርያም ወዲያው ትመልሳለች፦ «አንቺ ልጅ! ባለሙያ አይደለችም ተብዬ ስታማ የኖርኩት ለካ ፔርሙስ አጥቼ ነው!»

ዙቤይዳም ትከተላለች፦ «አቦ መሊካ፣ አማቴ ቀምሳ ‹ይችን ማን አስተማረሽ?› አለችኝ። ሬድዮ ነው አልኳት። ሰነፍ ጓደኛ አለችኝ ልበላት?»

መሊካ ስልኩን ከጨው ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ፣ እነዚህን መልሶች እየከፈተች ምሳዋን ትበላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ክፍል ከሷ ሌላ የሰው ድምፅ የሚሰማው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ግሩፑ ባልነበረበት በመጀመሪያው ዓመት ምሳዋን ቆማ ነበር የምትበላው፤ አንዳንዴም ከድስቱ። ያ ጊዜ እንዳይመለስባት ትፈራለች። ከዚህ ሌላ የምትፈራው ብዙም አልነበራትም።

መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሚያጮህበት ሰሞን፣ ሩዝ በምስር ሠርታ ላከች። ሁለቱን አንድ ላይ ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ ዘይት በነጭ ሽንኩርት አግሎ ማፍሰስ ነው። ከውሰር በእረፍት ሰዓቷ ሰምታ እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፈችላት።

«እትዬ መሊካ፣ ዛሬ እንግዳ አለሽ እንዴ?»

«ማንም የለም። ምነው?»

«ከአንቺ ቀጥሎ የሚያንኳኳው ማነው?»

መሊካ ቀረጻውን ከፈተችው። የገዛ ድምፅዋ ሩዙን ያስተምራል። የጓሮው በር ሲጥ አለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ ድስቱ። ከዚያ ያቺ አንድ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ። በዝምታዋ ውስጥ፣ ከብረት ሳይሆን ከድንጋይ የሚወጣ የሚመስል፣ በጣም ቀስ ያለ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቀጥሎ ውሃው ፏ አለ።

ደግማ ከፈተችው። ያንን ድስት የያዘችው እሷ ናት፤ ጆሮዋም እዚያው ነበር። ስልኩ የሰማውን ግን እሷ አልሰማችም።

ከውሰር የሒሳብ ሰው ናት፤ ነገር ሳትቆጥር አታምንም። ከመስከረም ጀምሮ የተላኩትን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዳ አዳመጠቻቸው። ውሃ የተደፋባቸው ሃያ ሰባት ነበሩ።

«እትዬ፣ እስከ ጥቅምት ምንም የለም» አለች በድምፅ፣ ተማሪ እንዳይሰማት እየተጠነቀቀች። «ከኅዳር በኋላ አለ። መጀመሪያ ከሩቅ ነው፣ ከግንቡ ማዶ ዓይነት። ጥር ላይ ግንቡ ሥር ነው። የዛሬው ግን… እትዬ፣ የዛሬው እግርሽ ሥር ነው።»

ከዚያ ለተማርያም ገባች።

«ቆይ፣ ቆይ። ማንኳኳቱ ለሩዙ አይደለም እንዴ?»

«የቱ ሩዝ?» አለች መሊካ።

«እንዳይጣበቅ! እኔ እኮ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳንኳኳ ነው የከረምኩት! ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ መድፋት፣ የሙያው ምስጢር እሱ መስሎኝ። ደግሞ እውነቴን ነው፣ አይጣበቅም!»

ዙቤይዳ የሳቅ ምልክት ደረደረች። ከውሰርም አፍራ አፍራ «እኔም አንዳንዴ» ብላ አመነች። ነገሩ በሳቅ ያለፈ መሰለ።

ሐሙስ ዕለት ለተማርያም ጻፈች። በድምፅ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ መጻፍ አትወድም። የተከራየችው ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ የምትደፋውም የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ።

«ዛሬ ረስቼ ሳላንኳኳ ልደፋ ስል፣ ከቱቦው ውስጥ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። በትሕትና።»

አንድም የሳቅ ምልክት አልመጣም። የመጣው የዙቤይዳ ድምፅ ነው፣ ሱቋን ዘግታ የቀረጸችው።

«አዑዙ ቢላህ! መሊካ፣ ቢስሚላህ ማለት ምን አቃተሽ? አፍ አለሽ አይደል? እናትሽስ ታመው ነው፣ አላህ ይዘንላቸው፤ አንቺ ምን ሆንሽ? የሚንኳኳ በር ነው! ያንኳኳሽው ሁሉ ‹ዞር በሉ› ሳይሆን ‹ኑ› ማለት ነው! ወላሂ፣ ምግብ ታስተምሪናለሽ ብለን እኛንም በየቤታችን አስጠራሽን። እኔ ልጆች አሉኝ።»

ከድምፁ በታች ዙቤይዳ ከግሩፑ እንደ ወጣች የምትገልጽ አንዲት መስመር ታየች።

ሌሎቹ አልወጡም፤ ዝም አሉ እንጂ። መሊካ ዓርብ የቲማቲም ማካሮኒ ላከች፤ ታየ፣ ማንም አልመለሰም። ቅዳሜ ስልኩን ከጨው ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ የቆዩ መልሶችን ከፈተች፤ የለተማርያም ቀልድ ሁለተኛ ሲሰማ አላሳቃትም። ሰኞ ዕለት ጉርሻው አፏ ውስጥ እያለ ራሷን አየች፤ ቆማ እየበላች ነበር።

ማክሰኞ ለማንም የማትልከውን ቀረጻ ቀረጸች። አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ደፋች፣ ገብታ አዳመጠች። መልሱ አለ። ቅርብ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ አንድም ምት አይጎድለውም። ከፍርሃቷ ሥር ግን ለማንም የማትናገረው ሌላ ስሜት ነበር፤ በየደጁ «እንዴት አደራችሁ» ሲል ኖሮ አንድ ቀን «እንዴት አደርሽ» የተባለ ሰው የሚሰማው ዓይነት።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ በባጃጅ ገበያ ሄደች። ዙቤይዳ ቀሚስ እየሰቀለች ነበር።

«አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ዙቤይዳ?»

«ነጋ» አለች ዙቤይዳ፣ በኦሮምኛ «ደህና» ለማለት ያህል ብቻ፣ ፊቷን ከቀሚሱ ሳትመልስ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰላምታዋ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

«ማሎ፣ ዙቤይዳ፣ እለምንሻለሁ። እሑድ ለምሳ ኑ፣ ሦስታችሁም። ቤቴን እዩት። ያለው ነገር ካለ እዩት፤ ከሌለም እዩት። ብቻዬን ምሳ መብላት አልቻልኩም።»

ዙቤይዳ ዞር ብላ አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ መሊካ ያለቀሰችው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ ይኼ ሦስተኛው ሊሆን ነው።

«እመጣለሁ» አለች። «ግን ፊታችን ትደፊያለሽ። ሳታንኳኪ። ቢስሚላህ ብለሽ፣ እንደ ሰው። ምንም ካልመጣ፣ ግሩፑ ውስጥ ተመልሼ እገባለሁ። ካንኳኳሽ ግን በእኔና አንቺ መካከል የአላህ ሰላምታ ብቻ ነው የሚቀረው።»

«እሺ» አለች መሊካ። ቶሎ ነው ያለችው።

እሑድ መጡ። ለተማርያም ብርቱካን ይዛ፣ ከውሰር ከሮቢት በሚኒባስ ተጨናንቃ፣ ዙቤይዳ ልጆቿን አማቷ ጋ ጥላ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሞላ። ማካሮኒው ሲፈላ ለተማርያም የመሊካን ቁም ሳጥን ከፍታ ሻሿን ሁሉ እየለካች አሳቀቻቸው። መሊካ የዚያን ቤት ግድግዳ የሰው ሳቅ ሲመልስ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አራቱም በጓሮው በር ወጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ድንጋይዋ ላይ ጥላ የሚባል የለም። ከውሰር ስልኳን ከፍታ ወደ መሬት ዘረጋች። ዙቤይዳ እጇን ዘረጋች።

«ማንኪያውን አምጪ።»

መሊካ ሰጠቻት።

«በይ አሁን። ቢስሚላህ በይና ድፊ።»

መሊካ ድስቱን አነሳች። እጇ ልማዱን ፈልጎ አጣ፤ አንድ ጣቷ ብቻ የድስቱን ጆሮ መታ መታ ሊያደርግ ሲል ያዘችው። አፏን ከፈተች። ይህን ጊዜ ለተማርያም ከኋላ፣ «ማካሮኒው ከተጣበቀ ግን የምትጠየቀው ዙቤይዳ ናት!» አለች። ከውሰር በሳቅ ፈነዳች፤ ዙቤይዳ ከነቁጣዋ ሳቀች፤ መሊካም ለቃሉ በከፈተችው አፏ ሳቀች፤ ውሃውም ሄደ። እንፋሎቱ ግንቡን ታክኮ ወጣ።

ጠበቁ። ሩቅ ቦታ አህያ ያናፋል። ሌላ ምንም የለም።

ከውሰር ቀረጻውን ከፈተችው። ሳቅ፣ ፏ ያለ ውሃ፣ አህያ። ሦስት ጊዜ አዳመጡት።

«አለቀ» አለች ዙቤይዳ፣ ማንኪያውን እየመለሰችላት። «አየሽ? አብሽሪ፣ አይዞሽ። አንዲት ቃል ናት።» ቃሏ መውጣት አለመውጣቷን ማንም አልጠየቀም።

ማካሮኒው ትንሽ ተጣብቆ ነበር፤ እስኪመሽ ሳቁበት። ዙቤይዳ እዚያው ተቀምጣ ወደ ግሩፑ ተመለሰች፤ የመጀመሪያ መልእክቷም «የተጣበቀው የኔ አይደለም» የሚል ነበር። የለተማርያምም ቱቦ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ መሊካ ቤት ምሳ ይበላሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ምግቡ ይላካል፤ ባለፈው ሳምንት ድንች ከነልጣጩ ነበር። መሊካ ተቀምጣ ትበላለች። ውሃውን ለመድፋት ስትወጣ ግን ቀረጻውን ትዘጋለች። ታንኳኳለች፣ ትጠብቃለች፣ አንዳንዴም ለራሷ ብቻ፣ ስልኩን እዚያው ደብቃ ትታ ቀርጻ ታውቃለች። የሚመልስ የለም።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ እንዲቀርላት ለምናኛለች። የዚያን እሑድ ውሃው ድንጋይዋን ሲነካ፣ ከአራቱ ሳቅ ሥር፣ ስልኩ ያልያዘው ድምፅ ነበር። ጩኸት አይደለም። የተቃጠለ ሰው እንግዳ እንዳይሰማበት ጥርሱን ገጥሞ ወደ ውስጥ የሚስባት ትንፋሽ ናት። መሊካ ሰምታታለች። ሰምታም ሳቋን አላቋረጠችም።