የንስሐ አባት ልጅ የሠራው ድረ ገጽ

ወይዘሮ አልታየች ወጣትነቷን የጨረሰችው ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ስትመረምር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን የወጣውን ትዘረጋለች፣ ትገለብጣለች፣ ክሩ የሳሳውን ወደ ጎን ትጥላለች። እጇ ለጉድለት አይራራም ነበር። ሰው ፊት ቆማ «ይሄ ሥራ ጥሩ አይደለም» ማለት ግን ሞቷ ነው። ብርድ ልብስ አይቀየምማ! ሰው ይቀየማል፤ ጎረቤት ያኮርፋል፤ ስለዚህ አልታየች ከፋብሪካው በር ውጭ የማታመሰግነው ነገር የለም።

ሥራውን ከለቀቀች ወዲህ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ማኅበር አቁመው ከበግ ጸጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሠራሉ። ዕቃው ያምራል፤ ገዢው ግን የቅዳሜ ገበያተኛ ብቻ ነው። በዚህ ከቀጠለ ማኅበሩ ሁለተኛ ክረምት አይሻገርም። ሴቶቹ መክረው ድረ ገጽ ይሠራልን፣ ሩቅ ያለውም ሰው ይየን አሉ። ያጠራቀሙት ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። ሠሪውን የመምረጡን ነገር ደግሞ እሷ ላይ ጣሉት።

«መርማሪዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለቻት በላይነሽ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ።

ወሬው እግር አውጥቶ የንስሐ አባቷ መምሬ ገብረ ሕይወት ጆሮ ደረሰ። መምሬ ቀድሞ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ አገልግለው ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወሩ፣ አንደበታቸው የለዘበ፣ ሁሉ የሚያከብራቸው ካህን ናቸው። ቤቷ መጡ።

«ልጄ ቃለ አብ ይሄንኑ ነው የተማረ። ሌላ ቤት ምን አስኬደሽ?»

«እሺ አባቴ» አለች። ሌላ ምን ትበል!

ቃለ አብ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና እዚያው ጎረቤላ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የሠራውን አሳያት። ጉም የለበሰ ተራራ፣ የተነጠፈ አልጋ፣ ከታች የስልክ ቁጥር። ዓይን ይማርካል።

«እስኪ ገልብጠህ ጀርባውን አሳየኝ» አለች ሳታስበው።

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ ዌብሳይት እኮ ጀርባ የለውም!»

በኀፍረት ፊቷ ጋለ። ማምሻውን መምሬ ደውለው «እንዴት አየሽው?» ሲሏት፣ «ድንቅ ነው አባቴ፣ እጁ ይባረክ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ግን መቀመጫ አጣች። የሴቶቹ ፊት ተራ በተራ መጣባት። እንግዳ መስላ ልሞክር ብላ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። አይነሳም። ጠዋት ደወለች፤ አይነሳም። ከሰዓትም ያው። ልብ አይዋሽምና ልቧ ፈራ። «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሰውን መጠራጠሯ ራሱ ኀጢአት መስሎ እየታያት፣ መንገዱን ሙሉ በጉሙ ውስጥ ስታማትብ ጎረቤላ ደረሰች።

የማረፊያው ባለቤት አቶ ወልደኪዳን በር ላይ ተቀበሏት። ስለ ድረ ገጹ ስትጠይቃቸው ፊታቸው በራ።

«ቃለ አብ? ድንቅ አድርጎ ነው የሠራልኝ!»

እፎይ ልትል ነበር። «ታዲያ ስልኩ ምነው አይነሳም?»

ሰውየው ወደ መንገዱ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የጠፋ ስልኬ ነው። የክፍሉም ዋጋ የድሮው ነው፤ እንግዳ ያንን አይቶ ይመጣና ይጣላኛል።»

«አያስተካክሉትም?»

«በምን እጄ? መክፈቻው፣ የይለፍ ቃሉ፣ ልጁ ዘንድ ነው። ስደውል ነገ ይለኛል፤ ነገ አያልቅም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ፣ እህቴ! በይ ሆድ ይፍጀው። አደራ፣ ከእኔ እንደሰማሽ እንዳትናገሪ።»

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ታወጣ ታወርድ ነበር። እሺ ብትል ሴቶቹን ገደል ልትከት ነው። እንቢ ብትል ነፍሷን የሰጠቻቸውን አባት ልታሳዝን፣ ምናልባትም ልታጣ ነው። ሁለቱንም ፈራች። ደግሞ ሌላ ሰው ልኬ ልንገራቸው አለች፤ ይሄም ፍርሃት እንደሆነ ገባትና ተወችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ የልጅዎ ሥራ ያምራል። ግን ያሠራው ሰው መክፈቻው የለውም። የሚደወልበት ስልክ ከጠፋ ቆይቷል፣ የሚያስተካክለው የለም። የሴቶቹን ሥራ በዚህ ዓይነት ልሰጠው አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁጣ ጠበቀች። መምሬ አልተቆጡም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

«ወልደኪዳን ነው?»

አደራ አለባት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

«የንስሐ ልጄ ነው። ባገኘሁት ቁጥር ልጄ እንዴት ሠራልህ እለዋለሁ። ድንቅ ነው አባቴ፣ እጁ ይባረክ ይለኛል። ይሄንኑ ይዤ ለልጄ እነግረዋለሁ። ልጁስ ምን ብሎ ያስተካክል? ጉድለቱን የነገረው የለ!» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም እኮ በስልክ ያልሽኝ ይሄንኑ ቃል ነው።»

አልታየች አቀረቀረች።

«እንዲህ የምትሉኝ ስንታችሁ ናችሁ?» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ትዳራችሁን እጠይቃለሁ፣ ሰላም ነው ትሉኛላችሁ። ከጎረቤት ታርቃችሁ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ታርቀናል ትሉኛላችሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባለሁ። እስከ ዛሬ ካላችሁኝ ውስጥ እንግዲህ የቱን ልመን?»