ባዶ እጄን የጠራኋት ላም

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በመጣልኝ የሱቅ ዕቃ መሀል ሥዕሉን ሲጫኑት ድምፅ የሚያወጣ የልጆች መጽሐፍ ነበረ። ውሻውን ሲጫኑት ይጮኻል፣ ዶሮው ኩኩሉ ይላል፣ ላሟም «እምቧ» ትላለች። ልጄ ሂክማ ካርቶኑን ፈትቼ ሳልጨርስ አንዱን መንጭቃ ባንኮኒው ላይ ወጣችና ላሟን መጫን ጀመረች፤ ሌሎቹን እንስሶች ዞር ብላም አላየቻቸው። ነገሌ መሀል ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው በጫጫታ አይበሳጭም፤ ባጃጁና የሚኒባሱ ረዳት ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮውን አደንድነውለታል። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። መጽሐፉን የሠራው ሰው ለላም አንድ ድምፅ ብቻ ሰጥቷት አረፈ። እኔ ግን ይሄው ሱቅ የአባቴ በነበረበት ዘመን፣ ከዚሁ ጓሮ፣ እንደ ሰው ሁሉ ለየነገሩ የየራሱ ድምፅ ያላት ላም አውቅ ነበር።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ አባቴ ከከብት ገበያ አንዲት ያረገዘች ላም ገዝቶ መጣ። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ለንግድ ተልኮ ነገሌ የቀረ ሰው ነው፤ ከስኳርና ከአቡጀዲ ውጭ ብዙም የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ገመዷን የያዘው እባብ እንደያዘ ሰው ከሰውነቱ አርቆ ነበር። ጎረቤቱ «እምቦሳ!» እያለ ሲገባ እናቴ «እምቦሳ እሰሩ» እያለች ሳቋን መደበቅ አቃታት። የላሟ ቀለም አመድማ፣ ዳለቻ ስለነበረ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት አዴ ድራሙ በኦሮምኛ «ዳለቲ» አሏት፤ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ።

አዴ ድራሙ ከብታቸውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ የገቡ ባልቴት የቦረና ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ «ናጋ» ይሉናል፤ የእኛን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ የዳለቲን ይጠይቃሉ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተራው ይገለበጥና እሷ ትቀድመናለች። ላም አፏን ከፍታ አጭር አጭር ከጮኸች ውሃ እንደፈለገች፣ ሲመሽ ረጅም አድርጋ ካገሳች ከግጦሽ የሚመለሱትን ከብቶች እየተጣራች እንደሆነ፣ ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ከወጣ ጅብ እንደሸተታት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱን ድምፅ ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። ዳለቲ የወለደች ቀን አፏን ሳትከፍት፣ ከጉሮሮዋ ሥር፣ ሕፃን እንደምታባብል ሴት ያለ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማች፤ ገና እርጥብ የሆነው ጥጃም ጆሮውን አቃና። ያ ድምፅ ለልጇ ብቻ ነበር።

ጥጃው ብዙም አልቆየ። ተቅማጥ ያዘውና ሞተ፣ ዳለቲም ወተቷን ደበቀች። እናቴ ብትል ብትል ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ላሟ እያገሳች ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳችው፤ አባቴም «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ በራሱ ይተርት ጀመር። አዴ ድራሙ እንደ አገራቸው ደንብ የጥጃውን ቆዳ በጭድ አስሞሉና ጨው ነስንሰውበት ከፊቷ አቆሙላት። ላሰችው፤ ነገር ግን ዝም ያለ ጥጃ ሳያሳምናት ቀርቶ መሰለኝ ወተቱ አልወረደም። እኔ ከቆዳው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ነበርና ለጨዋታ ያህል እንደ ጥጃው ጮህኩ። ዳለቲ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች፣ ከጉሮሮዋ ሥር በዚያ ድምፅ መለሰችልኝ፣ ወዲያውም ወተቱ በእናቴ ጣሳ ውስጥ ሲንሿሿ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳና ማታ ጥጃዋ እኔ ሆንኩ። አዴ ድራሙ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ አገጬን ይዘው፣ ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ባዶ እጅሽን አትጥሪያት። ከጠራሻት ጨው ያዢ። እሷ ልጇን ብላ ነው የምትመጣው።»

ስለዚህ ከሱቃችን ጆንያ ጨው ቆንጥሬ እሄዳለሁ፣ እጠራታለሁ፣ እሷም እንደ ጆንያ በሚከረክር ምላሷ መዳፌን እስኪቀላ ድረስ ትልሰዋለች። ቆዳው ውሎ አድሮ ተበሳስቶ ተጣለ፤ የእኔ ድምፅ ግን ብቻውን በቂ ሆነ። ዝናዬም ወጣ። አባቴ ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው፤ ቢሆንም ሞያሌ ደርሰው የሚመለሱ ነጋዴ ጓደኞቹ ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ይጠራኝና «እስቲ አሰሚያቸው» ይለኛል። እጮኻለሁ፣ ዳለቲ ከጓሮ ትመልሳለች፣ ሰዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ጭብጨባውን አጣጥሜ ስጨርስ ጨው ይዤላት እሮጥ ነበር። እንዲያ እያልን አንድ ዓመት ኖርን፤ ከዚያ የተሻለ ዓመት በልጅነቴ አላስታውስም።

በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ጭድ ብርቅ ሆነ፣ ከገጠር የሚገቡት ከብቶች መንገድ ላይ እየወደቁ ይቀሩ ጀመር፣ የዳለቲም ወተት ነጠፈ። አባቴ ከወደራ ማዶ ሣር ላለው ሰው ሸጫታለሁ አለን። የወደራ አገር ከእኛ ይልቅ ለምለም እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ ውሸቱ መልክ ነበረው። እኔ ግን ከብት ተራ ደርሰን እሷን የሚወስደው የጭነት መኪና ላይ የተጫኑትን ሳይ ሁሉም ያረጁ በሬዎችና የነጠፉ ላሞች ነበሩ። የሥጋ ጭነት መሆኑን ለመረዳት አራተኛ ክፍል መድረስም አያስፈልግም። ልጅ ስለነበርኩ አላወቅሁም ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ፤ አውቄያለሁ።

ዳለቲ አልወጣም አለች። ጫኞቹ ጭራዋን ጠመዘዙ፣ ከኋላ በዱላ ከፊት በገመድ ተረባረቡባት፣ እሷም በዚያ ጅብ ሲሸታት በምታሰማው በተሰነጠቀው ድምፅዋ ጮኸች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አላዘዘኝም፤ ይህን ልመስክርለት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና ለደላሎቹ «ይቺ ልጄ የላም ቋንቋ ታውቃለች» አላቸው። ሰው ሁሉ አየኝ። ማስፈራሪያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር፤ እኔን የገፋኝ ግን ኩራት ነው። በመኪናው ጎን ተንጠላጥዬ ወጣሁና ከጥጉ ቆሜ እንደ ጥጃ ጮህኩ።

ዳለቲ መታገሏን ተወች። አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ ሥር መለሰችልኝ፣ ከዚያም ማንም ሳይነካት በገዛ እግሯ ወደ ላይ ወጣች፤ ሰዎቹም አጨበጨቡ። በበሬዎቹ መሀል እየተጋፋች መጥታ በአፍንጫዋ መዳፌን ፈለገች። ባዶ ነበር። ቢሆንም ላሰችው።

ሲመሻሽ አዴ ድራሙ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝና ስትሄድ ጨው ሰጥቻት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰጥቻታለሁ አልኳቸው። እንዲያ ከሆነ ደግ ነው ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ እኔም አሜን፣ አሜን እያልኩ ሁሉንም ተቀበልኩ።

አዴ ድራሙ ካረፉ ቆዩ፤ አባቴም አልፏል፣ እሱም ያን ቀን አላነሳው፣ እኔም አልጠየቅሁት። ጓሮው የብሎኬት መጋዘን ሆኗል። የቆርቆሮ ወተት እደረድርበታለሁ፣ ሂክማም ወተትን የምታውቀው በቆርቆሮው ነው። በመጽሐፉ ላይ ከላሟ ሥር ትንሽ ጥጃ ተስላለች፤ ሂክማ ብትጫናት ብትጫናት ድምፅ የላትም።

«እማ፣ ትንሿስ ምን ትላለች?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት፤ እሷም ወደ ላሟ ተመለሰች። ዳለቲ ከተጫነችበት ቀን ወዲህ ያን የጥጃ ድምፅ አንድም ጊዜ አላወጣሁትም፤ ጉሮሮዬ ግን አልረሳውም፣ መጽሐፉ እምቧ ባለ ቁጥር ሊመልስ ይቃጣዋል። መኪናው የወደራን መንገድ ሲይዝ ዳለቲ በሣንቃው መሀል ራሷን አዙራ ጠርታኝ ነበር። መጀመሪያ በዚያ የልጇ በሆነው ድምፅ፣ ስንርቅባት ደግሞ አፏን ከፍታ፣ በየመሀሉ እያቋረጠች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ማለዳና ማታ ሳላጓድል የመለስኩላት እኔ፣ አባቴ አጠገብ ቆሜ፣ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ዝም አልኩ።